የአራስ ቤት ጠባቂዎች

በ1950ዎቹ መጨረሻ ጎንደር ውስጥ ያደገ ልጅ ብቻውን ሆኖ አያውቅም። በቀኙ ጠባቂ መልአኩ ቆሟል፤ በግራው ፈታኙ ያደባል። በግቢው የአመድ ክምር ላይ፣ በቀሐና በአንገረብ ወንዝ ዳር፣ በዋርካ ሥር፣ ሰው በማይገባባቸው የግንብ ፍርስራሾች ውስጥ በዓይን የማይታዩ ነዋሪዎች አሉ። አርባ አራት ታቦት አላት በምትባለው ከተማ፣ በየመቅደሱ በር ላይ ደግሞ ሰይፍ የመዘዙ መላእክት ሌት ከቀን ዘብ ይቆማሉ። መብራት ገና ባልገባበት ሰፈራችን፣ ፀሐይ ጠልቃ ኩራዝ ሲለኮስ፣ ይህን ሁሉ ትልቁም ትንሹም በአንድ ልብ ያምነው ነበር።

ያ ዘመን አልፏል። ሲነሳ ዛሬ ሁለት ዓይነት ወሬ እሰማለሁ። አንዱ «ድንቁርና ነበር፤ እንኳን ቀረ» ይላል። ሌላው «እምነትማ ያኔ ነበር» ብሎ ሁሉንም እንዳለ ሊመልሰው ይመኛል። እኔ ያደግሁበትን ቤት ሳስታውስ የሚታየኝ ግን በሁለቱም ወሬ ውስጥ የለም። በእኛ ቤት መላእክትን ማመን ማለት ሰውን ብቻውን አለመተው ማለት ነበር። አጋንንትን መፍራትም ያንኑ ጥበቃ ሲያነቃቃ ይኖር ነበር። ይኸው ፍርሃት ምንም ባልበደሉ ሰዎች ላይ ወድቆ ሰብሯቸዋልም። ሁለቱንም ሳልደብቅ ላወጋችሁ እወዳለሁ።

ወሩ ራሱ የመላእክት ነበር። በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ22 ዑራኤል ይታሰባሉ። ብድር «ለሚካኤል እመልሳለሁ» ተብሎ ይወሰዳል፤ ሽምግልና «ለገብርኤል» ይቀጠራል። ኅዳር 12፣ ሚካኤል በወደቀው በሳጥናኤል ፈንታ የመላእክት አለቃ ሆኖ የተሾመበት ቀን ነው። በዚያ ቀን ግቢው ተጠርጎ ቆሻሻው ይቃጠላል። ትልልቆቹ ይህን ልማድ በ1911 ዓ.ም. ሕዝብ ከፈጀው የኅዳር በሽታ ጋር አያይዘው ያወሩን ነበር፤ ጭሱ ሕመሙንም ክፉ መንፈሱንም አብሮ ያባርራል ይላሉ። ታኅሣሥ 19 ገብርኤል ሦስቱን ልጆች ከባቢሎን እሳት ያወጣበት ነው፤ ሐምሌ 19 ደግሞ ሕፃኑን ቂርቆስንና እናቱን ኢየሉጣን ከፈላ ውሃ ያዳነበት። ጳጉሜን 3 የሩፋኤል ናት። የዚያን ቀን ዝናብ ጠበል ነውና እናቶች ማሰሮውን ሁሉ ደጅ ይደረድራሉ፤ እኛ ልጆች ልብሳችንን ጥለን ዝናቡ ውስጥ እንዘላለን፤ ተቆጥቶ የሚጠራን አንድ ሰው እንኳ አይገኝም። በዓመቱ ውስጥ በዝናብ መበስበስ የተፈቀደልን በዚያች ቀን ብቻ ነበር።

የሰማዩን ታሪክ የሰማነው ከየኔታ ነው። ዳዊት ከሚያስደግሙን ቦታ፣ በቅጽሩ ጥላ ሥር፣ ማታ ማታ ሥነ ፍጥረትን ይተርኩልናል። እግዚአብሔር መላእክትን በመቶ ነገድ ከፍሎ በኢዮር፣ በራማና በኤረር አሰፈራቸው። ከፈጠራቸው በኋላ ተሰወረባቸው። «ማን ፈጠረን?» እያሉ ሲጠያየቁ፣ ከሁሉ በላይ የነበረው ሳጥናኤል ከበላዩ ማንንም ባያይ ጊዜ «እኔ ነኝ» አለ። አንዳንዱ አመነው፤ አንዳንዱ ተጠራጠረ። ያን ጊዜ ገብርኤል ፈጣሪያችንን እስክናገኝ ድረስ በያለንበት እንጽና ብሎ አረጋጋቸው። የኔታ እዚህ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ጦርነቱን ግን ጮኽ ብለው ነው የሚያወሩት፤ ሳጥናኤል ሁለት ጊዜ እንዳሸነፈ፣ በሦስተኛው ሚካኤልና ገብርኤል የብርሃን መስቀል ተሰጥቷቸው እንደ ጣሉት።

በልጅነት ልቤ የቀረው የታሪኩ መጨረሻ ነው። የሳጥናኤል ነገድ ሲወድቅ ከመቶው አንዱ ጎደለ፤ አዳም የተፈጠረውም ያን ቦታ እንዲሞላ ነው። ሰይጣን የሚጠላን ቦታውን ስለ ወሰድን ነው። የኔታ ይህን ሲነግሩን ተራ በተራ እያዩን «መቶኛው ነገድ እናንተ ናችሁ» ይሉናል። ባዶ እግሩን የተቀመጠ፣ እጀ ጠባቡ የተተለተለ የቆሎ ተማሪ ራሱን ከኪሩቤልና ከሱራፌል ጋር ሲቆጥር አስቡት። ከዚያ ወዲህ ብዙ የሰው ክብር ትምህርት ሰምቻለሁ፤ ይህን የሚበልጥ አልገጠመኝም።

ሌላውም ትምህርት ከከተማችን የራቀ አልነበረም። ሁለት መቶ መላእክት በአርሞን ተራራ ላይ ወርደው የሰውን ሴቶች ልጆች ስለ ማግባታቸው፣ ዐዛዝኤል የጦር መሣሪያ መሥራትን ስለ ማስተማሩ የሚያወራው መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር ቤተ መንግሥት ከርሞ ሲመለስ፣ በ1773 እ.ኤ.አ. ወደ አውሮፓ ካደረሳቸው ብራናዎች መካከል ሦስት የሄኖክ ቅጂዎች ነበሩ። የእኛ ሊቃውንት የወረዱትን እንደ ሥጋ ለባሽ መላእክት አያዩአቸውም፤ ከደብር ቅዱስ የወረዱ የአዳም ልጅ የሴት ዘሮች ናቸው ብለው ይተረጉሙታል። ይህ ክርክር በየጉባኤ ቤቱ ሲነሳ እኛ ልጆች ጆሯችንን ቀስረን እንሰማ ነበር።

ያነበበም ያላነበበም መላእክትን የሚያይበት ቤት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። በአድያም ሰገድ ኢያሱ ዘመን የተመሠረተው ይህ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያው ሙሉ በሙሉ ክንፍ ባላቸው ፊቶች ተሸፍኗል። የትም ብትቆም ያዩሃል። ዓይናቸው ትልልቅ ነው፤ ግን አያስፈራም። ግድግዳው ላይ ደግሞ ዲያብሎስ በእሳት መካከል ተሥሏል። የቀድሞ ሠዓሊዎች ደጉን ሰው ሁለት ዓይን ሙሉ ፊት፣ ክፉውን ባንድ ዓይን በጎን ነው የሚሥሉት። ይህን ማንም ሳይነግረን ገብቶን ነበር፤ የሚወድህ ፊቱን ሙሉ በሙሉ ይሰጥሃል። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ ይህ ደብር ተረፈ። ሽማግሌዎቹ ንብ ከግቢው ወጥቶ ወራሪውን እንዳባረረ፣ በበሩም ላይ ቅዱስ ሚካኤል የእሳት ሰይፍ መዞ እንደ ቆመ ያወሩ ነበር። እኛም በዚያ በር በገባን ቁጥር ቀና ብለን እናይ ነበር።

ቤታችን ውስጥ የእምነቱ ጠባቂ አያቴ ነበረች። ቆብ ደፍታለችና ሰው ሁሉ እማሆይ ይላታል። ማታ ትኩስ ውሃ ስትደፋ «በስመ አብ» ሳትል አትደፋም፤ እኔም ስደፋ ትሰማኛለች። «ልጄ፣ ሳታማትብ አትድፋ። በዚህ ግቢ የሚኖረው የምታየው ሰው ብቻ መሰለህ?» ትለኛለች። አመድ ላይ መቆም ክልክል ነው። በቀትር፣ ጥላ ከእግር ሥር ሲገባ፣ ወንዝ መሻገር ክልክል ነው፤ የቀትር ጋኔን የሚባለው ያን ሰዓት ይወጣል። ይህንንም ዳዊት ይላል ብላ ነው የምትለው እንጂ ከራሷ አይደለም፤ በ90ኛው መዝሙር ላይ ስሙ እንደ ተጠራ በጣቷ ታሳየኛለች። እንጀራ ሳይባረክ ከተቆረሰ ሰይጣን አብሮ ይበላል። እየተጣሉ ከበሉ መልአኩ ከማዕዱ ይነሳል። ስለዚህ በኛ ቤት ማዕድ ላይ ጠብ አልነበረም፤ ቢኖርም እጅ ታጥቦ እስኪነሳ ይቆያል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥበቃ ግን በአራስ ቤት ነበር። ሴት ልጅ ከወለደች በኋላ፣ ወንድ ከሆነ አርባ፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ ቀን፣ ልጁ ክርስትና እስኪነሳ ድረስ ለአንዲት ሌሊት እንኳ ብቻዋን አትተኛም። ከትራሷ ሥር ቢላዋ ወይም ሌላ ብረት ይደረጋል፤ ራስጌዋ ድርሳነ ሚካኤል ይቀመጣል፤ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ይታሰራል። ውርዝልያ የምትባለው ሕፃን ገዳይ እንዳትገባ የቅዱስ ሱስንዮስ ጸሎት ይነበባል። ሱስንዮስ የገዛ ልጁን ስለ ገደለችበት ፈረሱን ጭኖ አሳድዶ የወጋት ሰማዕት ነው፤ በዓሉም ሚያዝያ 26 ይውላል። ልጅ የሚሞትባት እናት ሁሉ እሱን ታውቀዋለች።

እኔ ግን ዛሬ የማስታውሰው ብረቱን ሳይሆን ሴቶቹን ነው። ታናሽ እህቴ ስትወለድ የሰፈሩ ሴቶች ተራ ገቡ። አንዷ ገንፎ ታገነፋለች፣ አንዷ ውሃ ትቀዳለች፣ አንዷ ልብስ ታጥባለች፤ ማታ ደግሞ ሁለት ሁለት ሆነው እሳቱ ዳር ያድራሉ። ወሬው አያልቅም። ከነሱ አንዷ ስለ አፎምያ ስትተርክ አስታውሳለሁ፤ ባሏ ስለ ሞተባት፣ ሚካኤልን ስለምትዘክር ሴት። ሰይጣን አንዴ በመነኩሲት አምሳል፣ አንዴ ራሱን ሚካኤል አስመስሎ መጥቶ ሌላ ባል እንድታገባና ዝክሩን እንድትተው ሊያባብላት ይሞክራል። እሷ ግን የንጉሥ መልእክተኛ የንጉሡን ምልክት ይይዛል፤ የመስቀሉ ምልክት የት አለ? ብላ ጠየቀችው። መልስ አጣ። ሊያንቃት ሲነሳ እውነተኛው ሚካኤል ደረሰላት። ሴቶቹ ይህን ሲሰሙ ያጨበጭባሉ፤ አራሷም ትስቃለች። አጋንንት እንዳይቀርቧት በሚል ምክንያት ያቺ አራስ ሰማንያ ሌሊት ሙሉ ሲነገራት፣ ሲዘፈንላት፣ ስታለቅስም አብሯት የሚያለቅስ ሰው ሲከባት ከረመች። ልጅ ወልዶ ብቻውን መቅረት ምን እንደሚያደርግ ዛሬ ሐኪሞች ያውቁታል። ያኔ የሕመሙን ስም የሚያውቅ አልነበረም፤ መድኃኒቱን ግን ሁሉም ያውቀው ነበር።

ከቤቱ ጸሎት ያለፈ ፍርሃት የያዘው ሰው ወደ ደብተራ ይሄዳል። ደብተራው የበግ ወይም የፍየል ቆዳ ፍቆ፣ ብራናውን በሰውየው ቁመት ልክ ይቆርጣል፤ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲጠብቀው ነው። በጥቁርና በቀይ ቀለም ጸሎተ ሱስንዮስን፣ መርበብተ ሰሎሞንን፣ የመላእክትን ስም ይጽፍበታል፤ መካከሉ ላይ ሰይፍ የያዘ መልአክና አፍጥጠው የሚያዩ ዓይኖች ይሥልበታል። ዓይኖቹ የተሣሉት በሰው ውስጥ ያለው ርኩስ መንፈስ እንዲያያቸውና እንዲደነግጥ ነው። ከዚያ ተጠቅልሎ በቆዳ ይሰፋና ክታብ ተብሎ በአንገት ይንጠለጠላል። ቤተ ክርስቲያን ይህን ሥራ በቀላሉ አልተቀበለችውም፤ ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ ገና በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጥንቆላንና አስማትን አጥብቀው አውግዘዋል። የኔታም ክታብ የያዘ ተማሪ ካገኙ ይቆጡ ነበር፤ «ማዕተብህ አይበቃህም?» ይላሉ። ለልጇ የምትሠጋ እናት ግን ማዕተቡንም ክታቡንም አንድ ላይ ታስራለች።

ከእነዚያ ብራናዎች አንዳንዶቹ ዛሬ በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች በመስታወት ውስጥ ተሰቅለዋል። በ1932 እ.ኤ.አ. በማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር ጅቡቲ ልዑክ ጎንደር ላይ ወራት ሰንብቶ ብዙ ክታብ ሰበሰበ። የአባ እንጦንዮስን ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎችም አውልቆ በምትካቸው ቅጂ ለጥፎ ሄደ፤ ዋናዎቹ ፓሪስ ናቸው። ከልዑኩ ጋር የመጣው ሚሼል ሌሪስ መልካም አየሁ የምትባል የታወቀች ባለ ዛር ቤት እየተመላለሰ ያየውን ጻፈ። ሠዓሊው እንዲያ አፍጥጠው እንዲያዩ ያደረጋቸው ዓይኖች የተሣሉት ለአንድ ሰው ነበር፤ ስሙ እዚያው ብራና ላይ ተጽፏል። የዚያን ሰው ሕመም የሚያውቅ ማንም በሌለበት አዳራሽ እነዚያን ዓይኖች ማሰብ ያመኛል።

ሕመሙ ከባሰ ደግሞ ጠበል አለ። ጠበሉ ዳር ያየሁት ለልጅ የሚከብድ ነበር፤ ግን ማንም ከዚያ አያርቀንም። ካህኑ መስቀሉን ታማሚው ግንባር ላይ አድርገው፣ መቁጠሪያውን ትከሻው ላይ ጥለው ይጠይቃሉ። «ማነህ?» «የወንዝ ነኝ።» «የት ያዝኸው?» «በቀትር፣ ሲሻገር።» «ለምን ያዝኸው?» «ቂም ይዟል፤ ከወንድሙ ጋር አይነጋገርም።» በሌላ ድምፅ የሚለፈልፈው ሰውየው ሁሉም የሚያውቀው ጎረቤት ነው። በመጨረሻ ካህኑ በሚካኤል ያስምሉታል፣ ምልክት ሰጥቶ እንዲወጣ ያዝዙታል፤ ሰውየውም ተዝለፍልፎ ይወድቃል። እልልታው ያን ጊዜ ነው። የማይረሳኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ የተጣላው ወንድም ተጠርቶ ይመጣል፣ ይታረቃሉ፣ ነጠላ ደርቦለት ቤቱ ይወስደዋል። መንፈሱ የተናገረው ቂም በሰው ፊት ስለ ተገለጠ መደበቂያ የለውም። ያ ሰው ምን እንደ ያዘው እኔ ልፈርድ አልችልም። እርቁ ግን ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን ወደሚያሳዝነው ልምጣ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሲወድቅ ማንም አይነካውም ነበር። የያዘው መንፈስ ወደ ነካው ይሻገራል ተብሎ ይፈራልና ሰው ክብ ሠርቶ ይቆማል፤ ምራቁ ጉሮሮውን ሲዘጋው፣ ራሱ ድንጋይ ሲመታው። እሳት ዳር የወደቀ ተቃጥሎ ይነሳል። ጠባቂ መልአክ በሁሉም ሰው ቀኝ አለ ብለን የተማርን እኛ፣ ለወደቀው ሰው አንድ እጅ እንኳ አልዘረጋንም። በዚያ ክብ ውስጥ የቆሙት ክፉዎች አልነበሩም፤ በአራስ ቤት እያደሩ የሚጠብቁት እነዚያው ሰዎች ናቸው። ፍርሃቱ ከእምነቱ ሲበረታ እንዲህ ያደርግ ነበር።

ከዚህም የከፋው በወለቃ ሰዎች ላይ የደረሰው ነው። ከከተማው በስተሰሜን ባለው በወለቃ የሚኖሩት ቤተ እስራኤሎች ብረት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ነበሩ። የምናርስበት ማረሻ፣ የምንጋግርበት ምጣድ፣ ውሃ የምንቀዳበት እንስራ ከእጃቸው ነው። ግን «ቡዳ ናቸው፣ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» ይባሉ ነበር። ማሰሮ ልትሸጥ ወደ ግቢያችን የምትመጣ አንዲት ሴት ነበረች። አያቴ ትገዛታለች፣ ዋጋም አትከራከራትም፤ ሕፃኗን እህቴን ግን በነጠላ ትሸፍናታለች። ያቺ ሴት ነገሩ ገብቷታል። ግቢው ውስጥ ልጅ ካለ ገና ከበሩ ዓይኗን ወደ መሬት ትጥላለች፤ ገንዘቧን ተቀብላ እስክትወጣ ድረስ ቀና አትልም። ልጁ ቢታመም ለሚመጣባት ስትጠነቀቅ ነው። የሰው ልጅ የሌላውን ልጅ ፈገግ ብሎ ለማየት የሚፈራበት ዓለም ነበር፤ እኛም እንደ ደንብ ይዘነው ኖርን።

በዚህ ላይ የሰማዩን ታሪክ በደንብ ያልሰማነው እኛ ነን። የኔታ መቶኛው ነገድ ብለው የነገሩን አዳምን ነው፤ ወለቃ ያለው የአዳም ልጅም ከቁጥሩ አልወጣም። አጋንንትን ከሰው ለይቶ ማየት የእምነቱ ዋና ትምህርት ሆኖ ሳለ ሰውን ጋኔን አድርገነዋል። የወለቃ ሰዎች አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ አንዳንዱ በሱዳን በረሃ በኩል በዘመቻ ሙሴ በ1984 እና በ1985 እ.ኤ.አ.፣ ሌላው በዘመቻ ሰሎሞን በግንቦት 1991 እ.ኤ.አ. በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ከተወሰዱት ከ14 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ጋር። በበረሃው መንገድ ብዙ ሕፃናትና አረጋውያን ሞተው ቀርተዋል። የሄዱት ኢየሩሳሌምን ናፍቀው ነው፤ ቡዳ የሚለው ስም በስተኋላቸው እንደ ነበረ ግን አንርሳ።

በዚያችው ጎንደር ሌላ ብርሃን እየገባ ነበር። በደንቢያ ወባ ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀ በኋላ በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ተማሪዎቹ፣ ጤና መኮንኖቹና ነርሶቹ፣ በየመንደሩ ይዞሩ ነበር። አንዲት ነርስ ሰፈራችን መጥታ፣ ወንዝ ዳር ሰውን የሚይዘው ትኩሳት ከወባ ትንኝ እንደሚመጣ አስረዳች። አያቴ አዳምጣ ስትጨርስ «እሺ፣ ትንኟን ማን ላካት?» አለቻት። ነርሷ አልሳቀችባትም። «ማንም ይላካት እማሆይ፣ ኪኒኑን ይዋጡ፤ ጸሎቱንም አይተዉ» አለቻት። አያቴ ዋጠች። እኔ ሃይማኖትና ሕክምና የተነጋገሩበትን እንዲህ ያለ ጨዋ ንግግር በኋላም እምብዛም አልሰማሁም። ብዙ ዓመት ቆይቶ ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ ሲመክሩ፣ ያቺ ነርስ ትዝ አለችኝ።

ሾተላይ የሚባለውም ነገር በዚያው መንገድ ተፈታ። ልጅ በልጅ ላይ የሚሞትባት ሴት ሾተላይ አለባት ይባላል፤ ክታብ ታስራለች፣ ለሚካኤል ትሳላለች፣ ልጇን «የሌላ ሰው ነው» ብላ ትደብቃለች። ዛሬ ሐኪሞቻችን በዚያው ስም የሚጠሩት የእናትና የጽንስ የደም አለመጣጣም ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመርፌ የሚከላከሉት ሆኗል። ስንት እናቶች ልጆቻቸውን የበላባቸውን መንፈስ ሲለምኑ፣ ሲራገሙ እንደ ኖሩ ሳስብ ስለ መርፌው እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። አያቴ ብትኖር መርፌውን ሩፋኤል ላከው ባለች ነበር። በመጽሐፈ ጦቢት ሣራን ሰባት ባል ከገደለባት ጋኔን ያላቀቃት፣ የጦቢትንም ዓይን ያበራ ሩፋኤል፣ ሁለቱንም ያደረገው በዓሣ ሐሞት፣ በጉበትና በልብ ነው። መልአኩ ራሱ መድኃኒት አልናቀም።

ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ሁሉም ቶሎ ቶሎ ተለወጠ። የአብዮቱ ካድሬ «አጉል እምነት ይውደም» አለ። የእሁድ ጠዋት ስብሰባ ከቅዳሴ ጋር ተጋጨ፤ ወጣቱ ወደ ዘመቻ፣ ወደ ጦር ግንባር፣ ወደ ስደት ተበተነ። መብራት ሰፈራችን ገባ። መብራት ሲገባ አመዱ ላይ የሚቀመጡት ነዋሪዎች እንዴት እንደ ጠፉ ማንም አላስተዋለም። የኔታ አረፉ፤ አያቴም አረፈች፤ ድርሳኗ የት እንደ ገባ ዛሬም አላውቅም።

እምነቱ ጠፋ ማለት ግን አይቻልም። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ዛሬም ሰው መርገጫ የለውም፤ ከሐረርጌ ተራራ ጀምሮ እስከ ባሕር ማዶ ያለ ስለት ይገባል። በዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ወገኖቻችን የሚካኤልን ዝክር ከሥራ ቀን ወደ ቅዳሜና እሁድ አዛውረው ይዘክራሉ። አጋንንት ማስወጣቱም በርትቷል፤ በድምፅ ማጉያና በካሜራ ፊት ይደረጋል፤ የታመመው ሰው ፊትም ለማያውቁት ሺህ ሰዎች ይታያል። የቀድሞው ካህን ከጠበሉ በኋላ ወንድሙን ያስጠሩለት ነበር። ይኼ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ማን ነጠላ እንደሚደርብለት መጠየቅ አለብን።

አራስ ቤቱስ? ብዙ እናቶች ዛሬ በሆስፒታል ይወልዳሉ፤ ብዙ ሕይወት ተርፏል፤ ከዚያ የሚበልጥ ደስታ የለም። ግን ከሆስፒታል ወጥተው የሚገቡበት ቤት ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ጎረቤቷን በስም ሳታውቅ፣ ባሏ ማታ እስኪመጣ ከሕፃኗ ጋር ብቻዋን የምትውል ልጅ አውቃለሁ። እናቷ ቪዛ ተከልክላ፣ በስልክ ስክሪን ላይ «አጥሚት ጠጪ» እያለች የምታለቅስባት የባሕር ማዶ አራስም አውቃለሁ። ራስጌያቸው ላይ የሚካኤል ሥዕል አለ። ሁለት ሁለት ሆነው እሳት ዳር የሚያድሩት ሴቶች ግን የሉም።

የዚያ ዘመን ፍርሃት እንዲመለስ አልመኝም። ሰው ሲወድቅ ክብ ሠርቶ መቆምም፣ ሸክላ ሠሪዋን ዓይን ማስደፋትም ዳግመኛ አይምጣ። መላእክቱን ግን አንዳች ነገር ሳልቀንስ አምናቸዋለሁ፤ ያየኋቸውም በሰው እጅ ሲሠሩ ነው፤ ገንፎ ሲያገነፉ፣ ኪኒን ይዘው ሲዞሩ፣ የተጣላን ሲያስታርቁ። ስለዚህ የሚካኤልን ጽዋ የሚጠጣ፣ ለገብርኤል የሚሳል፣ በሩፋኤል ዝናብ ልጁን የሚያጠምቅ ሁሉ አንድ ነገር እንዲጨምርበት እለምናለሁ። በሕንፃው ውስጥ የወለደች ሴት ካለች በሯን ያንኳኳ፤ በቅርቡ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ካለ ሲወድቅ ራሱን ደግፎ ይያዝለት፤ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥም ያስታውሰው። አያቶቻችን የማይታየውን ዓለም በሙሉ ልባቸው አምነው ከሱ ያገኙት ትልቁ ትምህርት ይህ ነበር፤ ሰው የሚጠበቀው በሰው ነው፤ ጠባቂውን የሚልከው እግዚአብሔር ነው።